በኢትዮጵያ ፓስፖርት እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ውጭ አገር መሄድ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ የማስተምረውም እዚያው አቅራቢያ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሳስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል። በቅርቡ አንድ ሰው ደቡብ ኮሪያ ሄጄ እንግሊዝኛ የማስተምርበትን ቪዛ እንደሚያስወጣልኝ ነግሮኝ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆኛል፤ እኔም ዕቁብ ሲደርሰኝ ለመክፈል አስቤያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ግን እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ቪዛ አይሰጥም ይላሉ። እውነቱ የቱ ነው? ኮሪያ ካልሆነስ የሚቀበል አገር አለ?

መምህርት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘቡን እንዳይከፍሉ አጥብቀን እንመክርዎታለን። ደቡብ ኮሪያ ለውጭ ቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ‹‹ኢ-2›› የተባለ ቪዛ፣ እንግሊዝኛን በተመለከተ የሚፈቀደው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ እነሱም አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ከእነዚህ ውጭ ህንድ ከኮሪያ ጋር ባደረገችው የንግድ ስምምነት መሠረት የማስተማር ፈቃድ ያላቸው መምህራኗ በተወሰነ ደረጃ ተፈቅዶላቸዋል። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባው፣ መለኪያው የቋንቋ ችሎታ ሳይሆን ፓስፖርት መሆኑን ነው፤ በእንግሊዝኛ ማስተማር የዶክትሬት ዲግሪ ያለው ሰው እንኳ የያዘው ፓስፖርት የኢትዮጵያ ብቻ ከሆነ በዚህ ቪዛ ሊያመለክት አይችልም። ስለዚህ ማንም ደላላ፣ ማንም ኤጀንሲ፣ ምንም ያህል ገንዘብ ቢከፈለው ይህን ሊለውጥ አይችልም። ባልደረቦችዎ ስለ ኮሪያ የነገሩዎት ትክክል ነው። ስለ ሌላው ዓለም ሁሉ ግን ትክክል አይደለም፤ የሚያሳዝነውም ብዙ ብቁ መምህራን ከኮሪያ የሰሙትን ‹‹አይቻልም›› ለሁሉም አገር አድርገው ተስፋ መቁረጣቸው ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት አገሮችን በሁለት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። አንዳንዶቹ እንደ ኮሪያ ፓስፖርት ይጠይቃሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ቻይና ለመጀመሪያው ወገን የቀረበች ናት፤ ደንቧ የቋንቋ መምህር በመርህ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንዲያስተምር፣ የመጀመሪያ ዲግሪም እንዲኖረው ይጠብቃል። ጃፓን በትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው 12 ዓመት በእንግሊዝኛ መማርን ነው፤ በአገራችን እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው በአብዛኛው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በመሆኑ፣ የሁለተኛ ደረጃውና የዩኒቨርሲቲው ዘመን ተደምሮ ከስምንትና ዘጠኝ ዓመት እምብዛም አያልፍም። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ካልሆነ በስተቀር ይህን መስፈርት ማሟላት ከባድ ነው።

ለእርስዎ የሚቀርቡት ማስረጃ ጠያቂዎቹ አገሮች ናቸው። ታይላንድ ውስጥ በትምህርት ቤት ለማስተማር ‹‹ኖን-ቢ›› የተባለው የሥራ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድና ከአገሪቱ የመምህራን ምክር ቤት የሚገኝ የማስተማር ፈቃድ ወይም ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ አመልካች በተጨማሪ የቋንቋ ፈተና ውጤት እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ በስፋት የሚታወቀው ዝቅተኛ ነጥብ በቶይክ ፈተና 600 ወይም በሌላ ፈተና ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ነው። የፊሊፒንስ መምህራን በብዛት፣ የካሜሩንና የሌሎች አፍሪካ አገሮች መምህራንም እዚያ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ቬትናም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው የቋንቋ ማዕከላት ደንብ የአፍ መፍቻ ቋንቋው እንግሊዝኛ ላልሆነ የውጭ አገር መምህር በግልጽ ቦታ ሰጥታለች፤ የኮሌጅ ወይም የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ መሆን፣ የቋንቋ ማስተማር ሥልጠና የምስክር ወረቀት መያዝና በእንግሊዝኛ ቢያንስ ‹‹ሲ1›› ከተባለው ከፍተኛ የቋንቋ ችሎታ ደረጃ መድረስ በቂ ሆኖ ተቀምጧል። ሆኖም የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የተረጋገጠ ዲግሪ ስለሚፈልግ የዲግሪዎን ጉዳይ እንደ ዋና ነገር ይያዙት። በደመወዝ ረገድ ቀጣሪዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለሆኑ ሰዎች አስበልጠው የሚከፍሉበት ሁኔታ እንዳለ ከወዲሁ ማወቅ ይገባል። ይህ ልዩነት ፍትሐዊ ነው ብለን አናምንም፤ ዓመታት ያስተማረ ሰው ገና ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ወጣት ያነሰ ሊከፈለው አይገባም። ነገር ግን ውል ከመፈረምዎ በፊት ሊያውቁት ይገባል።

አሁን ወደ ሰነዶቹ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው በችሎታ ሳይሆን እዚህ ላይ ነውና። በእጅዎ ያለው ‹‹ቴምፖ›› (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ከሆነ ለቪዛ አይበቃም። ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆኑ የወጪ መጋራት ዕዳዎን አጠናቅቀው ክሊራንስ ማግኘት ይኖርብዎታል፤ ዕቁብዎ ለአንድ ነገር መዋል ካለበት ለዚህ ይዋል። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም ወደሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ይቀርባል። ኤምባሲው አዲስ አበባ ውስጥ ከሌለ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከታተለው በየትኛው አገር ያለው ኤምባሲ እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰነድ ወደ ሌላ አገር ልኮ ማስመለስ ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል። ከወንጀል ነፃ መሆንዎን የሚገልጸው ማስረጃ በጣት አሻራ ከፌዴራል ፖሊስ የሚሰጥ ሲሆን፣ ቀጣሪዎች አዲስ እንዲሆን ስለሚፈልጉ በመጨረሻ ቢያወጡት ይሻላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ደግሞ ‹‹አገልግለዋል›› ብሎ ብቻ እንዳያልፍ፤ ያስተማሩትን የትምህርት ዓይነት፣ የክፍል ደረጃውን፣ የሙሉ ጊዜ ሥራ መሆኑንና የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን በእንግሊዝኛ ይጥቀስ።

የቋንቋ ፈተናውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በብሪቲሽ ካውንስል በኩል የሚሰጠው አይኤልትስ በብዙ አገሮች ተቀባይነት አለው፤ ‹‹ሲ1›› ደረጃ የሚጀምረው ከ7 ነጥብ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ዲግሪዎ ሳይረጋገጥ ቸኩለው አይፈተኑ። የማስተማር ምስክር ወረቀትን ስንመለከት ደግሞ በኢንተርኔት በጥቂት ቀን የሚያልቁ ርካሽ ሥልጠናዎች ብዙ ናቸው። እንደ ሴልታ (በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ የእንግሊዝኛ ማስተማር ምስክር ወረቀት) ያለው ግን ቢያንስ 120 ሰዓት የሚፈጅ፣ ከዚህም ውስጥ 6 ሰዓት በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት፣ በገምጋሚ ዓይን ሥር የሚያስተምሩበት ነው፤ አሁን በኢንተርኔትም ይሰጣል። ዋጋው ውድ ነው። ነገር ግን ፓስፖርትዎ የማይመሰክርልዎትን ችሎታ የሚመሰክርልዎት ይህ ወረቀት ስለሆነ፣ ከርካሾቹ ሁለትና ሦስቱን ከመሰብሰብ ይህን አንዱን መያዝ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ስለ ክፍያ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ራስን ለመጠበቅ ይረዳል። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ወጪ በአሠሪው እንዲሸፈን ይደነግጋል። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የልደት ማስረጃና ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያሉትን ነው። ቪዛ አስወጣለሁ ብሎ ቅድሚያ የሚጠይቅዎት ሰው ስለዚህ ከሕጉ ውጭ ነው። በራስዎ ጥረት ከትምህርት ቤቱ ጋር ተጻጽፈው ሥራ ካገኙ ደግሞ ውሉን ይዘው ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይሂዱ።

አንድ አደጋ በተለይ እናስጠነቅቅዎታለን፤ ‹‹በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ግቢ፣ እዚያ ይስተካከላል›› የሚሉ ሰዎች አሉ። በቻይና ሕግ ያለ ሥራ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ አገር ሰው ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ጉዳዩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ሊታሰርና ከአገር ሊባረር ይችላል። ያስገባዎት ደላላ ያን ጊዜ ከጎንዎ አይቆምም።

ጥያቄ፦ በሰበታ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ዲፕሎማ ያለኝ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የ120 ሰዓት የማስተማር ሰርተፊኬት በኢንተርኔት ብወስድ ያለ ዲግሪ ልቀጠር እችላለሁ?

መምህር፣ ከሰበታ

መልስ፦ የሚያዛልቅ መንገድ አይደለም። ሰርተፊኬቱ ከዲግሪ ጋር ሲደመር የሚያግዝ እንጂ ዲግሪን የሚተካ አይደለም፤ አብዛኞቹ አገሮች ለትምህርት ቤት መምህር የሥራ ፈቃድ የሚሰጡት በመጀመሪያ ዲግሪ ነው። በክረምት ወይም በርቀት ትምህርት ዲግሪዎን ማሻሻል የተሻለ ነው። ከመመዝገብዎ በፊት ግን ተቋሙ በጥቅሉ ዕውቅና አለው መባሉን ብቻ ሰምተው አይለፉ፤ የሚማሩበት ካምፓስና የሚማሩት የትምህርት ክፍል ዕውቅና እንዳላቸው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጡ፤ ዕውቅና በሌለው ካምፓስ የተገኘ ዲግሪ ኋላ ሊረጋገጥልዎት አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመውጫ ፈተና የግል ተቋማትንና የርቀት ተማሪዎችንም ስለሚመለከት፣ ዲግሪውን የሚያገኙት ፈተናውን ሲያልፉ መሆኑንም በዕቅድዎ ውስጥ ያካትቱ።