ያገለገለ ኒኮን ዲ750 ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ እንዴት ይታወቃል?

ሻጩ «ብዙም አልተነሳበትም» ያለህን ዲ750 ካሜራ እንዴት እንደምታረጋግጥ ነው የጠየቅከው አይደል? ቀላል ነው። ኒኮን ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፣ ስለዚህ እዚያው አንድ ፎቶ አንሳና ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ በኤግዚፍቱል ክፈተው፣ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ «ሹተር ካውንት» የሚለው መስመር ላይ ታገኘዋለህ። ፋይሉ ግን ከካሜራው እንደወጣ መሆን አለበት። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከልህ መረጃው ተገፎ ነው የሚደርስህ። በፋይሉ ስም ላይ ባለው ቁጥር ደግሞ እንዳትሸወድ! 9999 ሲሞላ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል (ሻጮች ይቺን ይወዷታል)።

የዲ750 ሹተር የተፈተነው ለ150,000 ጊዜ ነው። እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል ማለት አይደለም፣ ቀድሞ የሚበላሽ አለ፣ አልፎ የሚሄድም ሞልቷል። እኔ ብሆን 40 ሺህ አካባቢ ከሆነ ዓይኔን አላሽም፣ 140 ሺህ ከሆነ ግን ዋጋው ላይ ሙጭጭ እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ቁጥሩ ስንት ሰዓት ቪዲዮ እንደተቀረጸበት አይነግርህም። የሌንስ መግጠሚያው ቀለበት ተፍቆ፣ የእጅ መያዣው ጎማ ተልጦ እያየህ ቁጥሩ 5 ሺህ ከሆነ ጠርጥር። ሌላው፣ ኒኮን የአንዳንድ ዲ750ዎችን ሹተር በነጻ ይቀይር ስለነበር በመለያ ቁጥሩ አጣራ።