ብርሃንሽን የማይወስድ ሥራ ፈልጊ

ከእንግሊዝ አገር፣ ከኮልቸስተር ለጻፍሽልኝ ልጄ፦ በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ለንደን ያለ ቢሮ በሳምንት አምስት ቀን ሊያሠራሽ ተቀብሎሻል። ልብሽ ግን ያለው በስቱር ወንዝ ዳር፣ ፍላትፎርድ በሚባለው ጥንታዊ መንደር ነው፤ ከእንጨት ድልድዩ፣ ከሣር ክዳኑ ቤትና ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጋር። «ሥራውን ትቼ ሥዕል ብቻ ልሥራ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ዓረፍተ ነገርሽ ነው፦ «ማታ ማታ ከስልክ ፎቶ እያየሁ እሥላለሁ፤ ውኃው ግን ይሞትብኛል።»

ውኃው የሚሞተው ችሎታ አንሶሽ አይደለም። የስልክ ካሜራ ሰማዩን ያነጣዋል፣ ከድልድዩ ሥር ያለውን ጥላ ደግሞ ያጠቁረዋል። ወንዙ ዳር ብትቆሚ ጥቁሩ ግድግዳ ውኃው ውስጥ ፈካ ብሎ፣ ነጩ ደመና ጠቆር ብሎ ታዪዋለሽ። የዚያ ወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ፣ ሠዓሊው ጆን ኮንስታብል፣ እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ለንደን አጠገብ ሃምፕስቴድ በሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ደመና ሲያጠና ከሥዕሉ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን ይጽፍ ነበር። አንቺ ያጣሽው ያንን ሰዓት ነው።

ስለዚህ የለንደኑን ሥራ በደመወዙ ሳይሆን በሚተውልሽ ብርሃን መዝኚው። በክረምታቸው እምብርት ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በጨለማ ባቡር ተሳፍረሽ በጨለማ ትመለሻለሽ፤ መንደሩን የምታዪው ቅዳሜና እሑድ፣ ያውም ዝናብ ከራራልሽ ነው።

ሁሉንም ትተሽ በሥዕል ብቻ እንድትኖሪ ግን አልመክርሽም። ኮንስታብል ከጀርባው የአባቱ ሀብት ነበረው። እንደዚያም ሆኖ ገንዘብ ለማግኘት የማይወደውን የሰው መልክ ሥሏል፤ የእንግሊዝ ታላላቅ ሠዓሊዎች ማኅበር የሆነው የሮያል አካዳሚ ሙሉ አባል የሆነው በ1829፣ በ52 ዓመቱ ነው። አንቺ ወፍጮ ቤት የለሽም። የቤት ኪራይሽን ገና ባልደረቀ ሸራ ላይ አትጫኚው።

እዚያው ኮልቸስተር በሳምንት ሦስት ቀን የትናንሽ ነጋዴዎችን የሒሳብ መዝገብ የምትይዢበት ሥራ ፈልጊ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መዝገብ ይዤ፣ ከሰዓት በኋላ የምወደውን ተምሬያለሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ከሰዓት በኋላው ግን የራሴ ነበር።

ስለ እናትሽ በግልጽ ልናገር። ሌሊት ሆስፒታል እያጸዱ አሳድገውሻል፤ ይህን ውለታ ማንም አይክድም። ሆኖም አዲስ አበባ የተጀመረው ቤት በአንቺ የለንደን ደመወዝ እንዲያልቅ ያቀዱት ሳይጠይቁሽ ነው። «ለሰው ምን እላለሁ?» የሚሉት ሰው ደግሞ ኪራይሽን አይከፍልም። በየወሩ የምትችዪውን አንድ መጠን ቁረጪ፣ አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ ከዚያ አታዛንፊ። ያለቅሱ ይሆናል። ከአምስት ዓመት በኋላ ከምታኮርፊያቸው ግን ዛሬ ቢያለቅሱ ይሻላል።

የአጎትሽ ልጅ «የፈረንጅ መንደር ምን ያደርግልሻል? ላሊበላን ሣዪ» ላለሽ፦ ሠዓሊ ደጋግሞ ሄዶ የሚያየውን ይሥላል፤ አንቺም የምትደርሺው ፍላትፎርድ ነው። «ሥዕል ትምህርት ቤት ልግባ ወይ?» ያልሽውን ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት አቆዪው። ከሥዕል ሽያጭ በግብር ዓመቱ ከ1000 ፓውንድ በላይ ካስገባሽ ማሳወቅ እንዳለብሽ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለቢሮው መልስ ከመስጠትሽ በፊት ሦስት ቅዳሜ ወደ ወንዙ ውረጂ። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ተዪው፤ ትንሽ ሰሌዳ ይዘሽ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከተመሳሳይ ቦታ፣ ድልድዩንና ውኃውን ብቻ ሣዪ። ጀርባው ላይ ሰዓቱንና ነፋሱን ጻፊ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ውኃውን ማየት እፈልጋለሁ።