ካሳ፣ ሽምግልናና ሊብሬ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአንድ ጉዳይ ናቸው። በአደጋ አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ካሳውን እንዴት ይጠይቃል? ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስምና ቀበሌም አስቀርቻለሁ።

ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፤ ኮምቦልቻ በቀን 300 ብር የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መንገድ ዳር ቆሞ አይሱዙ ገጨው። ደሴ ሆስፒታል ከተኛ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ እግሮቹ አይታዘዙም። ባለመኪናው ሽማግሌ ልኮ 60,000 ብር እሰጣለሁ፣ ወረቀት ፈርሙልኝ ይላል። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። እንፈርም?

አትፈርሙ። ቢያንስ አሁን አትፈርሙ።

አንደኛው ምክንያት ሕክምናዊ ነው። አከርካሪ በተመታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነርቩ ራሱ ደንግጦ ዝም ሊል ይችላል። ምን ያህሉ ተመልሶ ምን ያህሉ እንደሚቀር ሐኪሙም በእርግጠኝነት የሚናገርበት ጊዜ ገና ነው። የጉዳቱ ልክ ሳይታወቅ በካሳው ልክ መስማማት አይቻልም።

ሁለተኛው ሕጋዊ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት ተዋዋዮች በግልግል ውል ከጨረሱት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። «በደረሰው አደጋ ምክንያት ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም» የምትለዋ መስመር ላይ አውራ ጣቱን ያሳረፈ ሰው፣ ከዓመት በኋላ በመተኛት የሚወጣው ቁስል አጥንት ደርሶ ቢመጣ ፍርድ ቤት የሚያሳየው ያንኑ ወረቀት ነው። የሚዘገንነኝም ይኼ ነው፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ መድኃኒት መግዣ ባለቀበት ቀን የሚፈረም ወረቀት።

ሦስተኛው ሂሳብ ነው። 300 ብር በወር 22 ቀን ቢሠራ 6,600 ብር ነው። 60,000 ብር እንግዲህ የዘጠኝ ወር ደመወዝ ነው፤ ያውም ሕክምናው ሳይነካ። በዓመት 79,200 ብር ይሆናል። እስከ 60 ዓመቱ 34 ዓመት ይቀሩታል፤ የጠፋው ገቢ ብቻ 2,692,800 ብር ይመጣል። ፍርድ ቤቱ ይህን እንዳለ ላይወስን ይችላል፤ ክርክሩ የሚጀመረው ግን ከዚህ ነው።

ሽማግሌዎቹን ግን አታሳፍሯቸው። በወሎ አበጋር (ባህላዊ አስታራቂ) እና ሽማግሌ ደም ያደርቃሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቆራረጥ ያደርጋሉ፤ ይህን ፍርድ ቤት አይሠራውም። እርቅና ካሳ ግን ሁለት ጉዳዮች ናቸውና ለየብቻ ይጻፉ። ገንዘቡ አሁን ካስፈለገ ተቀበሉ፤ ደረሰኙ ላይ «ለሕክምና ወጪ መደገፊያ የተሰጠ፣ ወደፊት ከሚወሰነው ካሳ ላይ የሚታሰብ፣ የካሳ ጥያቄን የማያስቀር» ተብሎ ይጻፍ። ባለመኪናው ይህን መስመር አልቀበልም ካለ ምን እየገዛ እንደሆነ ይታወቃል። የወንጀሉ ጉዳይ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ «ክሱ እንዲቋረጥ» የምትል መስመርም ወረቀቱ ውስጥ አትገባም።

ሽማግሌ ፊት ከመቅረባችሁ በፊት አንድ ጠበቃ ረቂቁን ያንብበው። ራፖር ጸሐፊ አይበቃም። በዚህ አልደራደርም።

ፖሊስ መኪናውን ሊለቅ ነው አሉ። ምን እናድርግ?

ዛሬውኑ ሂዱ። የሰሌዳውን ቁጥር ከነኮዱ፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን) ኮፒ፣ የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ድርጅትና የፖሊሲ ቁጥር ያዙ። የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋ ፕላን (ንድፉ) መዝገቡ ውስጥ መኖሩንም አረጋግጡ። መኪናው ከሄደ በኋላ እነዚህን መሰብሰብ ወራት ይፈጃል።

ባለመኪናው «ከአደጋው በፊት ሸጬዋለሁ» ይላል፤ የገዛው ሰው ደግሞ «ስሙ አልዞረልኝም» ይላል። ማንን ልክሰስ?

ሁለቱንም። እርስ በርስ ይከራከሩ፤ እርስዎ መሐል ገብተው ዳኛ አይሁኑ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ያመልጣል። «እኔ አላጠፋሁም» ማለት ብቻውን አያድነውም። ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው እንግዲህ በቀላሉ ከክሱ አይወጣም።

ክሱን ስትከፍቱ አብራችሁ የእግድ ማመልከቻ አስገቡ። ፍርድ ቤቱ ስም እንዳይዛወር ለመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ ይጽፋል። ይህ ሲዘነጋ ፍርድ ይገኛል፣ የሚሸጥ ንብረት ግን አይገኝም። ትእዛዙ መድረሱንም በመሸኛው ፊርማ አረጋግጡ፤ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚያድር ትእዛዝ ብዙ ነው።

ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ወጣ። አለቀልን ማለት ነው?

አላለቀም። የፍትሐ ብሔር ዳኛ ሹፌሩ በወንጀል ነፃ በመባሉ አይታሰርም፤ ቁጥር 2149 ነው። የባለቤቱ ኃላፊነት ደግሞ ከነጭራሹ በሹፌሩ ጥፋት ላይ የተመሠረተ አይደለም።

ጎረቤቴ በመኪናው ከሐይቅ ወደ ደሴ በነፃ አሳፍሮኝ ተገለበጥን። ሰውየው ደግ ነው፤ ልከሰው እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ሸክሙ ግን ይከብድብዎታል። ያለ ክፍያ በትብብር ያሳፈረ ሰው የሚጠየቀው ጥፋቱ ከተረጋገጠ ነው፤ ቁጥር 2089። ስለዚህ የትራፊክ ምርመራው የፍጥነት፣ የፍሬን ወይም የመጠጥ ነገር ካለበት ወሳኝ ነው። ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭታችሁ ከሆነ ግን የዚያኛውን ባለቤት አትርሱት፤ እሱ በነፃ አላሳፈረዎትም።

ኢንሹራንሱ «የኛ ጣሪያ 40,000 ብር ነው» ብሎ ቼክ ጻፈልን። ከዚህ በላይ አይገባንም?

ይገባችኋል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ ነው፤ እናንተን የሚመለከታችሁ አደጋው በደረሰበት ቀን ሥራ ላይ የነበረው ጣሪያ ነው። ጣሪያው የሚገድበው ግን ኢንሹራንሱን እንጂ ባለንብረቱን አይደለም። ከዚያ በላይ ያለውን ባለንብረቱ ከኪሱ ይከፍላል። ቼኩን ስትወስዱ የምትፈርሙበት ቅጽ «ኢንሹራንሱን ከኃላፊነት ነፃ አድርገናል» ይበል፤ «ባለንብረቱንም» የሚል ቃል ካለበት ሰርዙት ወይም አትፈርሙ።

መርሳ አቅራቢያ ሌሊት ገጭቶ ያመለጠ መኪና ነው። ሰሌዳውን ያየ የለም።

ለዚህ የመድን ፈንድ አለ። የሚያስተዳድረው የመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ገጪው ላልታወቀበትና ኢንሹራንስ ላልነበረው መኪና ጉዳት የሚከፈለው ከዚያ ነው። ያለ ፖሊስ ማስረጃ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በማግስቱ ያመልክቱ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ይሁንና የእርስዎ ነው።

ደሴ ሕንፃ ሥራ ላይ ከፖንቴ (ከግንባታ መወጣጫ) ወድቄ ወገቤ ተሰበረ። የሥራ ውል የለኝም። ኮንትራክተሩ «ቀበቶ አላሰረም፣ በራሱ ጥፋት ነው» ይላል።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ሠራተኛነትዎን አያጠፋውም። የካቦው (የሥራ አለቃው) የቀን መቁጠሪያ ደብተር፣ ደመወዝ የተላከበት የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት፣ አብረው የዋሉ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ደብተሩን ዛሬ ፎቶ ያስነሱ፤ ነገ ይጠፋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠይቀዋል። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባት እንደዚያ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ጥያቄዎ ቀላል ነው፦ ቀበቶው የታለ? የተረከብኩበት ፊርማስ? መመሪያውስ መቼ ተነገረኝ? ቀበቶ ያልሰጠ አሠሪ «አላሰረም» ብሎ አያመልጥም።

መሥራት ባልቻሉበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ጡረታ ላልተሸፈነ ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ካሳው የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ነው። ጡረታ ሲቆረጥልዎት ከነበረ መንገዱ በማኅበራዊ ዋስትና በኩል ነው። ክሱ ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል፤ ሠራተኛው የዳኝነት አይከፍልም። ዓመት ሳይሞላ ይክሰሱ።

ለደረሰብኝ ሥቃይ የኅሊና ካሳ አንድ ሚሊዮን ብጠይቅስ?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር በላይ እንዳይፈረድ ከልክሏል። በ1952 የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ዛሬ የአንድ ቀን መድኃኒት አይገዛም፤ መሻሻልም ነበረበት። 1,000 ብሩን ጠይቁና ጉልበታችሁን በቁሳዊው ጉዳት ላይ አውሉት።

ሆስፒታሉ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ሰጥቶናል፤ «ዘላቂ የአካል ጉዳት 100%» ይላል። ይበቃል?

ለገቢው ጥያቄ ይበቃል፤ ለወጪው አይበቃም። ብዙ መዝገብ የሚጎድለው እዚህ ጋ ነው።

ቁጥር 2092 ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል ይላል። «የተረጋገጠ» የሚያደርገው ግን የሐኪም ቃል ነው። ስለዚህ ወደ ቦርዱ ተመለሱና ሦስት ነገር እንዲጻፍላችሁ በፍርድ ቤት ወይም በፖሊስ ደብዳቤ አስጠይቁ፦ የዘወትር ረዳት ያስፈልገዋል ወይ፣ ምን ምን የማያቋርጥ ሕክምናና ቁሳቁስ ያስፈልገዋል፣ እስከ መቼ።

ከዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ አንድ ቀን ቁጠሩ። ሽንት ራሱ የማይመጣለት ሰው ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይገባለታል፤ ጄል አለ፣ ጓንት አለ፣ ንጹሕ ውኃ አለ። የሽንት ቧንቧው ሲያመረቅዝ አንቲባዮቲክ አለ። አልጋ ላይ ሲሆን ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ሌሊትም ጭምር። ማነው የሚገለብጠው? ሚስቱ ከሆነች ከገበያ ቀርታለች፤ ልጁ ከሆነች ከትምህርት ቀርታለች። ቤተሰብ ያለ ክፍያ ስለሠራው ሥራው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በአካባቢያችሁ ለአስታማሚ የሚከፈለውን የወር ደመወዝ በምስክር አስረዱ።

ዊልቸርም አንዴ ተገዝቶ አያበቃም። ጎማው ያልቃል፣ ኩሽኔታው ይበላል፣ መቀመጫ ስፖንጁ ጠፍጥፎ ቁስል ያመጣል። ደሴን የመሰለ ዳገታም ከተማ ውስጥ ደግሞ በዊልቸር ሆስፒታል መድረስ አይቻልም፤ ለየቀጠሮው ኮንትራት ባጃጅ አለ። ደሴ ያለውን የአካል ተሃድሶ ማዕከል ጠይቁ፤ ለሰውየው የሚስማማውን ዊልቸርና ድጋፍ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሚጽፉላችሁ ወረቀት መዝገብ ውስጥ ይግባ።

ሁሉንም በወር፣ ከዚያ በዓመት አባዙት። የተከፈለበትን በደረሰኝ፣ ገና የሚመጣውን በፋርማሲ ዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) አያይዙ። በደረሰኝ ማሳየት ለማይቻለው፣ ለምሳሌ ለገበሬ ገቢ፣ ከቀበሌ ግብርና ጽሕፈት ቤት የመሬቱን ስፋትና የሚያወጣውን ምርት አጽፉ። ለባጃጅ ሹፌር ከማኅበሩ ደብዳቤ ይውሰዱ። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በቁጥር 2102 በርትዕ (በሚዛናዊ ግምት) ይወስናል፤ ባዶ እጁን ለመጣ ሰው የሚወሰነው ርትዕ ግን ትንሽ ነው።

አደጋው ከደረሰ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ቀረ?

በመርሕ የካሳ ክስ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ሁለት ዓመት ነው፤ ቁጥር 2143። ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ድርጊት ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል። ይህን እርስዎ በራስዎ አይወስኑት፤ የፖሊስ መዝገቡን ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ሁለት ዓመት ያልሞላችሁ ደግሞ ይህን መልስ እንደ ዕረፍት አትቁጠሩት።

የዳኝነት መክፈያ የለንም። የጠየቅነው ብዙ ስለሆነ ክፍያው በዛብን።

የጠየቃችሁትን አትቀንሱ። በደሃ ደንብ ለመክሰስ አመልክቱ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አምጡ፤ ያላችሁን ንብረት በሐቅ ዘርዝሩ፣ የተደበቀ በሬ ከተገኘ ፈቃዱ ይነሣል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣችሁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትን ስለ ነፃ የሕግ ድጋፉ ጠይቁ።

ባለቤቴ ከአልጋ አይነሣም፤ እጁም አይጽፍም። በእሱ ፈንታ እኔ መቆም እችላለሁ?

ይችላሉ እኅቴ፤ አብሽሪ። ሚስት ለባሏ በውክልና መቆም ትችላለች። ውክልናው በአውራ ጣት አሻራ ይፈጸማል። የሰነድ ማረጋገጫ ሠራተኛው እቤት ወይም ሆስፒታል ድረስ እንዲመጣ በማመልከቻ ይጠይቁ፤ ማመልከቻው ላይ ሐኪሙ «ከአልጋ አይነሣም» ብሎ የጻፈውን ወረቀት ያያይዙ። ውክልናው ላይ «የመክሰስ፣ የመከራከር፣ ይግባኝ የማለት» ይጻፍ፤ «የመታረቅና ገንዘብ የመቀበል» የሚለውን ጠበቃ ሳያዩ ለሌላ ዘመድ አይስጡ።

የኤክስሬይና የሲቲ ስካን ፊልሙን ማስቀመጥ ያስፈልጋል?

አዎ። ሳይታጠፍ፣ ከሙቀት ርቆ።