የእሳተ ገሞራ አፈር ሁሉ ለም ነው ያለው ማነው?

አንባቢያን ይጠይቃሉ፣ እኛ እንመልሳለን። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አንድ ዓይነት ቦታ ናቸው፤ ደን ስለለበሰ የእሳተ ገሞራ ተራራ ተዳፋት። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የእሳተ ገሞራ አፈር ለም ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። በቅርቡ ግን በአንድ ተራራ ላይ ደኑ ተመንጥሮ የታረሰ መሬት አየሁ። ሰብሉ ቀጭጯል፣ ቅጠሉም ወደ ወይን ጠጅ ሄዷል። ማዳበሪያ ተደርጎለታል አሉኝ። እዚያው አጠገቡ ያለው ጫካ ደግሞ ፀሐይ አያስገባም፣ እንዲያ ጥቅጥቅ ያለ ነው። አፈሩ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ የቅጠሉን ቀለም መጻፍህ ጠቅሞናል። ብርድም እንዲህ ያደርጋል፣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፎስፈረስ እጥረት ነው። ማዳበሪያ ተደርጎለት እጥረት እንዴት ይመጣል ካልክ፣ ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ አፈሩ ይዞ አልለቅም ብሎ ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። የእሳተ ገሞራ አመድ በስሙ አመድ ይባል እንጂ ተቃጥሎ የቀረ ነገር አይደለም። ቀልጦ የወጣ አለት አየር ላይ ተበታትኖ፣ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ በቅጽበት የቀዘቀዘ የመስታወት ብናኝ ነው። መስታወት ደግሞ ከክሪስታል ይልቅ በዝናብ ቶሎ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም ይለቃል፤ የለምነቱ ዝና የመጣው ከዚህ ነው፣ ውሸትም አይደለም። የጃቫ ደሴት ተራሮች ያን ሁሉ ሕዝብ የሚመግቡት እሳተ ገሞራዎቹ በየጊዜው አዲስ አመድ ስለሚጨምሩላቸው ጭምር ነው።

ችግሩ ከመስታወቱ የሚወጡት ሲሊካና አሉሚኒየም እንደገና ሲገናኙ ይጀምራል። ተገናኝተው እንደ ተለመደው የሸክላ አፈር ሥርዓት ያለው ንጣፍ አይሠሩም። አሎፌን የሚባሉ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ድብልብል ቅንጣቶችን ይሠራሉ። የአንዱ ስፋት ከ3.5 እስከ 5 ናኖሜትር ብቻ ነው (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው)። ኢሞጎላይት የሚባል ወንድምም አላቸው፣ 2 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቀጭን ቱቦ፤ በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጃፓን ውስጥ ነው መጀመሪያ የተገለጸው። ቅንጣቶቹ እንዲህ ትንንሽ ስለሆኑ የአንድ ግራም አሎፌን ገጽ ቢዘረጋ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ያ ሁሉ ገጽ ፎስፌትን፣ ማለትም ተክል የሚወስደውን የፎስፈረስ ዓይነት፣ የሚይዝ ነው። የአፈር ሳይንቲስቶች አንድን አፈር አንዶሶል (ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ አፈር) ብለው ለመመደብ ከሚያዩዋቸው መለኪያዎች አንዱ ራሱ ይኸው ነው፤ ከሰጡት ፎስፌት 85 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ ይዞ መቅረቱ። ገበሬው የበተነው ማዳበሪያ የት እንደገባ አሁን ገባህ መሰለኝ።

ታዲያ ጫካው እንዴት ቻለው? ጫካው ከአፈሩ ጋር ግብግብ አይገጥምም። ቅጠል ይወድቃል፣ ይበሰብሳል፣ ከሥር ጋር ተጣምረው የሚኖሩ ፈንገሶች ፎስፈረሱን ማዕድኑ ሳይነጥቃቸው ለቀም አድርገው ለዛፉ ይመልሳሉ። ዙሩ የሚዞረው በአብዛኛው ከላይ ባለው ብስባሽ ውስጥ ነው። ደኑ ሲመነጠር ዙሩ ይቋረጣል፣ ሰብሉም ከአሎፌን ጋር ፊት ለፊት ይፋጠጣል። ስለዚህ «አፈሩ አንድ ነው» ያልከው ሙሉ ለሙሉ እውነት አይደለም።

መፍትሔው ማዳበሪያውን በማሳው ሁሉ መበተን ሳይሆን ከዘሩ አጠገብ በመስመር ማስገባት ነው፤ ከአፈሩ ጋር የሚነካካው ባነሰ ቁጥር የሚታሰረውም ያንሳል። ብስባሽ መጨመርም በጣም ይረዳል። ኖራ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ምርመራ አድርጉ። ይህ አፈር አሲድነቱን በቀላሉ አይለቅም፣ ሌላ መሬት ላይ የሚበቃው መጠን እዚህ ምንም ላያደርግ ይችላል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5 በታች ከሆነ ደግሞ የሚሟሟ አሉሚኒየም ሥሩን እየጎዳው ሊሆን ስለሚችል ፎስፈረሱን ብቻ ማከም አይበቃም።

ጥያቄ፦ ተራራ መውጣት እወዳለሁ። ደን ውስጥ ካለ የእሳተ ገሞራ ተዳፋት አንድ ጭብጥ አፈር አነሳሁ፤ ክብደቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጣቶቼ ሳሸው መጀመሪያ ደረቅ ይመስል የነበረው ድንገት ሙልጭልጭ ብሎ ውሃ ወጣው። ልክ ቅባት የነካሁ ነው የመሰለኝ። ምንድን ነው ይሄ?

መልስ፦ ሳታውቂው ባለሙያዎች ሜዳ ላይ የሚያደርጉትን ሙከራ አድርገሻል! እነሱም አፈሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አሽተው ነው መጀመሪያ የሚገምቱት።

ቅለቱን በቁጥር እንየው። ተራ የእርሻ አፈር በኩቢክ ሴንቲሜትር ከ1.1 እስከ 1.6 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ደረቁን ማለት ነው። የአንዶሶል መለኪያ 0.9 እና ከዚያ በታች ነው፤ በእርጥብ ተራራ ደን ውስጥ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን ማግኘት የተለመደ ነው። ይህ ማለት አብዛኛው አፈር የምንለው ነገር ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ደግሞ ውሃ ነው። አፈሩ የያዘው ውሃ ከራሱ ከደረቁ አፈር ክብደት ሊበልጥ ይችላል፤ ያም ሆኖ ስታዪው ደረቅ ይመስላል፣ ምክንያቱም ውሃው በእነዚያ ጥቃቅን ባዶ ቅንጣቶች ውስጥና መሀል ተሸጉጧል። ስታሺው መዋቅሩ ይፈርሳል፣ ውሃው ይወጣል። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለሽ ብትተዪው መልሶ ጠንከር ይላል።

ደን ለምን ለዚህ አፈር ያስፈልጋል ለሚለው ዋናው መልስ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አፈሩ ክፉኛ ከደረቀ ቅንጣቶቹ ይሰባሰቡና እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢዘንብም ወደ ቀድሞው አይመለስም። አንዴ የተተኮሰ ሸክላ ተመልሶ ጭቃ እንደማይሆነው ማለት ነው። ውሃ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል፣ አሸዋ መሰል እንክብሎች ይሆናል፣ እንዲያውም አንዳንዴ ውሃ የማያስገባ ሆኖ ያርፋል። እንክብሎቹ ቀላል ስለሆኑ ጎርፍ ሲመጣ ተንሳፍፈው ይሄዳሉ። የዛፍ ጥላና የወደቀ ቅጠል የሚከላከሉት ይህንን ነው። ብዙ ሰው ደን አፈርን የሚይዘው በሥሩ ብቻ ይመስለዋል፤ በዚህ አፈር ላይ ግን ጥላው ከሥሩ ያልተናነሰ ሥራ ይሠራል ብል አላጋነንኩም።

ጥያቄ፦ አንዱ ጋ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ሌላው ጋ ቡኒ፣ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ቀይ። ተራራው ግን አንድ ነው። ደን ያለበት ነው አይደል ጥቁር መሆን ያለበት?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፣ እውነታው ግን ገልበጥ ያለ ነው። ጃፓን ውስጥ በጣም ጥቁር የሆኑት የእሳተ ገሞራ አፈሮች ለረጅም ዘመን ሣር የበቀለባቸው ናቸው፤ ሣሩንም ሰዎች በየጊዜው እያቃጠሉ ዛፍ እንዳይወርሰው አድርገውታል። በደን ሥር የቆየው ቡኒ ይሆናል፤ ቡኒ ሆኖም ብዙ ካርቦን ሊይዝ ስለሚችል በቀለሙ አትፍረድበት። ቀዩ ደግሞ በአብዛኛው ሞቅና ደረቅ ወዳለው ግርጌ ሲወረድ የሚመጣ ነው። እዚያ ሲሊካው በዝናብ ታጥቦ ስለማይሄድ ሃሎይሳይት የሚባል የተለመደ ዓይነት ሸክላ ይሠራል፣ ብረቱም ቀለሙን ይሰጠዋል። ከላይ በዝናቡ ቀበቶ አሎፌን፣ ከዚያም በላይ በብርዱ ሳይበሰብስ የተከማቸ ብስባሽ። ድንበሩ ግን በመስመር የተሰመረ አይደለም፤ የአመዱ ዕድሜ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሥርዓቱን ያዛባዋል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያለው ደን ከለበሰ ገደላማ ተዳፋት ሥር ነው፣ አፈሩም የእሳተ ገሞራ ነው ይባላል። ዛፍ ስላለ የመሬት መንሸራተት አያሰጋኝም ብዬ ተኝቻለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደሉም። ዛፍ መኖሩ ከምንም ይሻላል፣ ዋስትና ግን አይደለም።

የእሳተ ገሞራ ተዳፋት አንድ ወጥ አፈር የለውም። እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱን ንጣፍ ትቶ ይሄዳል። ደቃቅ አመድ፣ ከሥሩ ፑሚስ የሚባለው ባለቀዳዳ ቀላል ድንጋይ፣ ከሥሩ ተቀብሮ የቀረ የድሮ አፈር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አመድ። ውሃ ከደቃቁ ወደ ሻካራው ንጣፍ በቀላሉ አይወርድም፤ ከላይ ያለው በውሃ እስኪጠግብ ድንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። የአብዛኞቹ ዛፎች ሥር ደግሞ የሚበዛው ከላይ ባለው አንድ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚንሸራተተው ንጣፍ ከሥሩ በታች ከሆነ ዛፉ አፈሩን መያዙ ቀርቶ አብሮት ይወርዳል።

ሁለት ምሳሌ ልስጥዎት። በግንቦት 1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጣሊያን ውስጥ በሳርኖና በአካባቢው ከተሞች ከባድ ዝናብ ተራራው ላይ ያለውን አፈር ወደ ጭቃ ጎርፍ ቀየረውና 160 ገደማ ሰዎች ሞቱ። የሚገርመው ተራራዎቹ ራሳቸው የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ የእሳተ ገሞራው አፈር ከቬሱቪየስ በነፋስ መጥቶ የለበሳቸው ነው። እሳተ ገሞራ አጠገብ አይደለሁም ብሎ መዝናናት አይቻልም ማለት ነው። ሁለተኛው ሆካይዶ ነው፣ ጃፓን፤ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም (ሴፕቴምበር) 6 ቀን 2018። የመሬት መንቀጥቀጡ በደን የተሸፈኑትን የአትሱማ ኮረብታዎች በአንድ ጊዜ በሺዎች ቦታ አንሸራተታቸው። የተንሸራተተው በአብዛኛው ከሺዎች ዓመታት በፊት የወደቀ ፑሚስ በጊዜ ብዛት በከፊል ወደ ለስላሳ ሸክላ ተቀይሮ ነው። ዛፎቹ ከነሥራቸው ወረዱ። በአደጋው ከሞቱት ከ40 በላይ ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው ይኸው መንሸራተት ነው።

ይህን ስልዎ ዛፉን ይቁረጡት እያልኩ አይደለም፣ እንዳይሳሳቱ! ዛፍ ሲቆረጥ ሥሩ ወዲያው አይሞትም፤ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ አደጋውም የሚጨምረው ሰው ጉዳዩን ከረሳው በኋላ ነው። እርስዎ ማየት ያለብዎት ሌላ ነገር ነው። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ አለ? ቀጥ ብለው የቆሙ ዛፎች በቅርቡ ዘንበል ብለዋል? ጥርት ያለ የነበረ ምንጭ ደፍርሷል ወይ ድንገት ደርቋል? ከእነዚህ አንዱን ካዩ፣ በተለይ ዝናብ ለቀናት ሳያቋርጥ ሲጥል፣ ሌሊቱን እዚያ አያድሩ። ቤት ለመሥራት ወይም መንገድ ለማውጣት የተዳፋቱን እግር መቁረጥ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ባለሙያ ጠርተው ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ንጣፎቹን በዓይን ማየት ከብዙ ግምት ያሳርፋል።

ጥያቄ፦ ባዶ ላቫ ወይም አመድ ደን የሚያበቅል አፈር ለመሆን ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?

መልስ፦ አመድ ከላቫ ይፈጥናል፤ ድሮውኑ ደቋል። አሜሪካ ውስጥ ያለው ሴንት ሄለንስ ተራራ በግንቦት 1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲፈነዳ የፑሚሱን ሜዳ ቀድማ የያዘችው ሉፒን የምትባል የግብጦ ዘመድ ነበረች፤ ናይትሮጅን ከአየር ትይዛለች፣ አመዱ ውስጥ የሌለው ደግሞ ናይትሮጅን ነው። ጎፈር የሚባሉ ፍልፈል መሰል እንስሳትም ከአመዱ ሥር የተቀበረውን አሮጌ አፈር እየቆፈሩ ወደ ላይ አውጥተዋል፣ ማንም ሳያዛቸው።

ረጅሙን ታሪክ የሚናገሩት የሃዋይ ደሴቶች ናቸው። ከ300 ዓመት እስከ 4.1 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው መሬቶች ላይ ተመሳሳይ ደን ስላለ ተመራማሪዎች ጎን ለጎን አወዳድረዋቸዋል። በልጁ አፈር ላይ ዛፉን የሚያጥረው ናይትሮጅን ነው፣ በሽማግሌው ላይ ፎስፈረስ። አፈሩ ብዙ ካርቦን የያዘው 150,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከዚያ በኋላ እነአሎፌን ወደ ተራ ሸክላና ወደ ብረት ኦክሳይድ ስለሚቀየሩ ይቀንሳል። ሽማግሌው ደን አሁን የሚኖረው በከፊል ከእስያ በነፋስ ተሻግሮ በሚመጣ አቧራ ፎስፈረስ ነው።

ጥያቄ፦ ከተራራው ትንሽ አፈር አምጥቼ ለአበባ ማሰሮዬ ላድርግ?

መልስ፦ ቦታው ጥብቅ ደን ከሆነ አይነካም። ካልሆነም አልመክርም፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው የወደድሽው ልስላሴ አብሮ ይጠፋል፣ ማሰሮ ውስጥ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል። ለውሃ ማንጠፍጠፊያ ብቻ ከሆነ የፈለግሽው ለአትክልት የሚሸጥ ፑሚስ ይበቃሻል።