ሞላው ይቅርብዎ፣ መጀመሪያ ልክዎን ይፈልጉ

አንዲት እህት ከገርጂ እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል፦ «ዕድሜዬ 46፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ብስክሌት ከነዳሁ ከልጅነቴ ወዲህ ቆይቷል፤ አሁን እሁድ እሁድ ጠዋት ሰውነቴን ለማፍታታት መንዳት አምሮኛል። ሁለት አይቻለሁ። አንዱ አዲስ ነው፤ ፊትም ኋላም ሞላ ያለው፣ ባለ21 ማርሽ። ሌላው ከውጭ የገባ ያገለገለ ነው፤ ሞላ የለውም፣ ቀለሙም ተላልጧል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የቱን ልግዛ?»

ያገለገለውን ይግዙ፤ ልክዎ ከሆነና ከታች የምነግርዎትን ፍተሻ ካለፈ።

አዲሱን ያስወደደዎት ሞላው ይመስለኛል። ሱቅ የገባ ሰው ሁሉ ኮርቻውን ጫን ሲያደርገው ወደ ታች ዝቅ ማለቱ ደስ ይለዋል። ግን ደህና የኋላ ሞላ ያለው ብስክሌት በጣም ውድ ነው፤ በርካሹ ላይ የሚያተርፉት ክብደት ብቻ ነው። እንዲህ ያሉት ወደ 18 ኪሎ ይደርሳሉ፣ ሞላ የሌለው 13 ገደማ ነው። ፔዳሉን በረገጡ ቁጥር ደግሞ ሞላው ይታመቅና ጎማውን ማዞር የነበረበት ጉልበት እዚያው ይቀራል። ከመስቀል አደባባይ ወደ አራት ኪሎ ሲወጡ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጉልበትዎ ይነግርዎታል። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለውን ብስክሌት በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ አምጥቶልኛል፤ የኋላው ክፍል የሚታጠፍበት ቦታ ተበልቶ ጎማው ይወላገድ ነበር። የሚተካ ዕቃ አጥቼለት እያዘንኩ ሸኘሁት።

21 የሚለው ቁጥርም አያጓጓዎት፤ ከፊት 3 ከኋላ 7 ሲባዛ ነው፣ ብዙዎቹም ተመሳሳይ ናቸው። የሚጠቅምዎት ዳገት የሚያወጣዎ የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ነው። ከፊት የትንሹን፣ ከኋላ የትልቁን ክብ ጥርሶች ይቁጠሩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ ለምሳሌ 28 እና 28፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው፤ ለጀማሪ ይበቃል። የኋላው ከበለጠ እሰየው። የእሽቅድምድም ብስክሌት ግን ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ይከብዳል።

አሁን ወደ ልኩ፤ ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው። የሚነዱበትን ጫማ አድርገው ይሂዱ። ብስክሌቱን በሁለት እግርዎ መካከል አድርገው ተረከዝዎን ከመሬት ሳያነሱ ይቁሙ፤ በላይኛው ብረትና በሰውነትዎ መካከል ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። በእርስዎ ቁመት ብዙ ጊዜ የሚስማማው 15 ወይም 16 ኢንች ፍሬም ነው (ኮርቻውን የሚሸከመው የፍሬሙ ብረት ርዝመት እንጂ የጎማው ቁጥር አይደለም)፤ ብረቱ ዝቅ ያለው፣ «የሴት» የሚባለው ከሆነ ደግሞ መውጣት መውረዱ ይቀልዎታል። ከዚያ ሰው ይደግፍዎትና ኮርቻው ላይ ይቀመጡ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝዎ ነክቶት እግርዎ ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው፤ በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እጥፍ ይላል። ኮርቻ ዝቅ አድርጎ መንዳት ጉልበት ያሳምማል። ቢሆንም ሚዛንዎ እስኪመለስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዝቅ ያድርጉት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉት። መሪውን ሲይዙ ክርንዎ ለዘብ ብሎ ካልታጠፈ ፍሬሙ ይረዝምብዎታል፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት።

ልክዎ ከሆነ ይፈትሹት። ፊቱን አንስተው ጎማውን ያሽከርክሩ፤ ቸርኬው በፍሬን ላስቲኮቹ መካከል ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ መቃናት አለበት፣ እሱ ቀላል ነው። ጎማውን ይዘው ወደ ጎን ሲነቀንቁት ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው ልል ነው ወይም አልቋል። የፔዳሉን ክንድም እንዲሁ ይነቅንቁ። ከመሪው ሥር ብረቶቹ የተበየዱበትን ቦታ በጣትዎ ይዳስሱ፤ የቀለም መላላጥ ችግር የለውም፣ ስንጥቅ ካገኙ ግን አይግዙት። የፍሬን እጀታው ሲጨበጥ መሪውን መንካት የለበትም። ካቴናውን በማስመሪያ ይለኩ፦ ከአንዱ ፒን መሃል ይጀምሩ፤ ቀጥሎ ያለውን ፒን አንድ ብለው ሲቆጥሩ እስከ 24ኛው ፒን መሃል 305 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 307 ከደረሰ ተስቧል፣ ከኋላ ያሉትን ጥርሶችም ሳይበላ አልቀረም። ይህን ዋጋ ማስቀነሻ ያድርጉት።

አስፋልት ላይ ስለሚነዱ ጎማው ጥርሱ ለስለስ ያለ፣ ስፋቱም 1.5 ኢንች ገደማ ቢሆን ይፈጥናል። የነፋስ መሙያው ጫፍ ወፍራም፣ የመኪና ዓይነት መሆኑን ይዩ፤ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላልዎታል። ቀጭኑ ተጨማሪ አፍ ይፈልጋል። ጎሚስታውን ግን «በትንሽ በትንሹ» ይበሉት፤ የመኪናው ነፋስ የብስክሌትን ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ሊያፈነዳ ይችላል፣ ልኩም ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።