ሺን ሊም አነሳሳሽ፤ የሚያርምሽ ግን ሌላ ሰው ነው

ጥያቄ፦ የ21 ዓመት ወጣት ነኝ። ጎንደር ፊዚዮቴራፒ እማራለሁ፤ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ሺን ሊም የሚባለውን ማጂሺያን ዩቲዩብ ላይ ካየሁ ወዲህ ካርታ ከእጄ አይጠፋም። የዶርም ልጆች “አሳዪን” እያሉ ይከቡኛል። ትምህርቱን ትቼ ሙሉ በሙሉ ማጂክ ልሥራ እያልኩ ነው። እናቴ ግን “ድግምት ነው፣ ቤቴ እንዳይገባ” ብላለች። ደግሞ ሴት ማጂሺያን አይቼ አላውቅም፤ የማያቸው ሴቶች ሳጥን ውስጥ ገብተው በመጋዝ የሚቆረጡት ናቸው። ማንን ልከተል? እንጀራስ ይወጣዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ትምህርቱን እንዳታቋርጪ። ለምን እንደምል ወደ ታች እነግርሻለሁ፤ የተለመደው የወላጅ ምክር መስሎሽ ማንበብሽን እንዳታቆሚ። ከጥያቄዎችሽ የወደድኩት ግን “ማንን ልከተል?” ያልሽውን ነው። ብዙ ሰው እዚህች ላይ ይስታል። ያነሳሳውን ሰው አስተማሪው አድርጎ ይቆጥራል።

የሺን ሊምን ሥራ እኔም አይቻለሁ፤ ልብ ይሰርቃል። በ2015 በዓለም የማጂክ ሻምፒዮና በካርታ ዘርፍ አሸነፈ፤ በ2018 ደግሞ አሜሪካ ጎት ታለንት የሚባለውን የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰጂልኝ።) ወደ ማጂክ የዞረው ፒያኖ ሲማር ቆይቶ ነው። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሰው የሚይዘው ለዚህ ይመስለኛል፤ ካርታዋ የምትጠፋው ሙዚቃው ልክ በሚመታበት ቅጽበት ነው። አንቺ ግን ከቪዲዮው የምትቀጂው የእጁን እንቅስቃሴ ነው። ደግሞ አንቺ እሱን ታዪዋለሽ እንጂ እሱ አንቺን አያይሽም። ካርታ ስትደብቂ አውራ ጣትሽ እንደሚደርቅ ማን ይንገርሽ?

ላንስ በርተን የሚባል አሜሪካዊ አለ። በአምስት ዓመቱ ሉዊቪል ከተማ ውስጥ የገና ዝግጅት ላይ መድረክ ተጠራ። ማጂሺያኑ ሃሪ ኮሊንስ ከጆሮው ሥር ሳንቲም ይለቅም ጀመር። ልጁ በዚያው ቀረ። ኮሊንስ ግን ዓለም ያወቀው ኮከብ አልነበረም። ቺፕስ ለሚያመርተው ለፍሪቶ ሌይ ኩባንያ በማጂክ እያስተዋወቀ ደሞዝ የሚበላ ሰው ነበር። ይህቺን ሥራ ያዥልኝ፤ ስለ እንጀራ ስናወራ ትጠቅመናለች። በርተን ሲያድግ ኮሊንስ አስተማሪው ሆነ። በ1982 ሎዛን ላይ ልጁ የዓለም ሻምፒዮናውን ታላቅ ሽልማት ወሰደ፤ በኋላ ላስ ቬጋስ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ቲያትር ነበረው። ያነሳሳውና ያስተማረው አንድ ሰው የሆነለት ዕድለኛ ነው። የሆነለትም ኮሊንስ እዚያው ከተማ ስለነበረ ነው። ሄዶ ማግኘት ይቻል ነበር።

አሁን ወደ ሴቶቹ። በነገራችን ላይ ሳጥን ውስጥ የምትገባዋ ሴት ብዙ ጊዜ ከባዱን ሥራ የምትሠራው እሷው ናት፤ ጭብጨባው ግን ለባለ መጋዙ ነው። አዴሌድ ኸርማን ለዓመታት የባሏ ረዳት ነበረች። ባሏ አሌክሳንደር ኸርማን በ1896 ሲሞት ትርኢቱን ራሷ ተረከበች። በማግስቱ ዓመት ኒው ዮርክ ላይ፣ ወንዶቹም የሚፈሩትን የተተኮሰ ጥይት የመያዝ ትርኢት አሳየች፤ የተተኮሱባት ጥይቶች ስድስት ናቸው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ገደማ በራሷ ስም ሠርታለች።

ላንቺ የሚቀርብሽ ግን የጄኒ ዊንስታንሊና የሶፊ ሎይድ ታሪክ ነው። በ1905 የተቋቋመው የለንደኑ የማጂሺያኖች ክለብ ማጂክ ሰርክል እስከ 1991 ድረስ ሴት አባል አይቀበልም ነበር። ጄኒ ማጂሺያን ናት፤ መግባት ትፈልጋለች፣ አይቻልም። ስለዚህ ተዋናይት የሆነችውን ሶፊን አግባባቻትና ሬይመንድ ሎይድ የሚባል ጎረምሳ ፈጠሩ። ዊግ፣ ሰውነት የሚያገዝፍ ልብስ፣ ጓንት። ጓንቱ የሴት እጇን እንዲደብቅ ነው። እስቲ አስቢው፤ የእጅ ቅልጥፍና በጓንት! እጅሽ ትንሽ ሲያልበው ካርታው እንዴት እንደሚያስቸግር አንቺው ታውቂያለሽ። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተዘጋጁ። በማርች 1991 ሬይመንድ ፈተናውን አለፈ። ከትርኢቱ በኋላ ፈታኙ አብሮ ተቀምጦ ሲያወራው እንኳ አልነቃበትም። በዚያው ዓመት ክለቡ ለሴቶች ሲፈቅድ እውነቱን ተናገሩ፤ ሶፊ ተባረረች። በ2025 ክለቡ ራሱ አፈላልጎ አገኛትና አባልነቷን መለሰላት። ጄኒ ግን ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወደው ማታለሉን ነው። እኔ የምወደው ዝግጅቱን ነው። ጄኒ ዝነኛ አልነበረችም፤ የዚያ ክለብ አባል እንኳ አልነበረችም። ግን ቁጭ ብላ አየች፣ “እንደገና” አለች፣ አረመች። አስተማሪ ስትፈልጊ የምትፈልጊው ይህን ነው። ስንት ተከታይ እንዳለው አትዪ፤ አንድን ነገር ደጋግሞ ለማየት ትዕግሥት አለው ወይ በዪ።

ካርታ ለምትወጂው ላንቺ የካርታ ሊቁን ዳይ ቨርነንን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከእስራት በማምለጥ ዓለም ያወቀው ማጂሺያን ሁዲኒ “አንድን ትሪክ ሦስት ጊዜ ካሳያችሁኝ እደርስበታለሁ” እያለ ይጎርር ነበር። በ1922 ቺካጎ ላይ ቨርነን አንዲት የካርታ ትሪክ ደጋግሞ አሳየው፤ አልደረሰበትም። የቨርነን ትልቁ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1963 በተከፈተው የማጂሺያኖች ክለብ በማጂክ ካስል ተቀምጦ እስከ እርጅናው ለብዙ ዓመታት ወጣቶችን አስተማረ፤ የሞተው በ98 ዓመቱ ነው። ከእነዚያ በፊት ደግሞ ፐርሲ ዲያኮኒስ የሚባል ልጅ በ14 ዓመቱ ከቤቱ ጠፍቶ ተከትሎት ሄዷል። (አንቺ እንዳትሞክሪው።) ዓመታት ቆይቶ ማታ ኮሌጅ ገባ፤ ዛሬ ስታንፎርድ ውስጥ የታወቀ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ነው። በ1992 ከአንድ ባልደረባው ጋር አንድ ደስታ ካርታ በደንብ ለመበወዝ ሰባት ጊዜ ያህል እንደሚያስፈልግ በሒሳብ አሳየ። ካርታውን አልተወም፤ ሌላ እንጀራ አገኘበት።

እሺ፣ አንቺ አሁን ጎንደር ሆነሽ ማንን ታገኛለሽ? ኬፕታውን ብትሆኚና ዕድሜሽ ትንሽ ቢያንስ ከ1980 ጀምሮ ልጆችን ማጂክ የሚያስተምረውን ኮሌጅ ኦፍ ማጂክ እጠቁምሽ ነበር። ኮሜዲያኑ ሪያድ ሙሳ እዚያ የተማረ ነው፤ ሰውየው ሐኪምም ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት እስኪመጣ ድረስ አስተማሪሽን ከዚህም ከዚያም አሰባስበሽ መሥራት አለብሽ። ሰርከስ ኢትዮጵያ ከ1991 ጀምሮ የተከለው ነገር አለ፤ መድረክ የለመዱ የሰርከስ ልጆች በየከተማው አሉ። ፈልጊያቸው። ትሪክ ባያውቁም አቋቋም ያውቃሉ፣ ለየትኛው ተመልካች ጀርባሽን እንደሰጠሽ ያውቃሉ።

ደግሞ ጎንደር ነሽ! አንድ ምሽት ከጓደኞችሽ ጋር አዝማሪ ቤት ሂጂ። ዘፈኑን ተይውና አዝማሪውን ተመልከቺ። የትኛው ጠረጴዛ እንደሚስቅ፣ የትኛው እንደሚኮራ፣ ማንን ቢነካ እንደማይቀየም በምን እንደሚያውቅ እዪ። ሰው መሀል ገብቶ ሳያስቀይሙ መቀለድ የማጂሺያን ግማሽ ሥራው ነው፤ ከዩቲዩብ አይገኝም።

አስተማሪ ነኝ ባይ ሲመጣም ዓይንሽን ግለጪ። ትምህርቱ ሰው ባለበት ቦታ ይሁን። “ሚስጥር ነው፣ ማንም እንዳይሰማ፣ ብቻሽን ነይ” ከሚል ሰው ራቂ። የማጂክ ሚስጥር ትሪኩ ነው እንጂ የት እንደምትማሪ አይደለም።

እስከዚያ ካርታውን ለጥቂት ጊዜ አስቀምጪና የአንድ ብር ሳንቲም ያዢ። የውጪ መጻሕፍት የአሜሪካን ግማሽ ዶላር ይላሉ፤ የእኛዋ ትንሽ ብታንስም ትበቃለች። በመሀል ጣትሽና በቀለበት ጣትሽ ሥር አስቀምጫት፤ ጣቶችሽን በትንሹ አጠፍ አድርጊና እጅሽን ልቀቂው። ከዚያ እርሻት። ሻይ ጠጪ፣ ደብተር ግለጪ፣ አውሪ። ጀማሪን የሚያጋልጠው የሳንቲሟ ብልጭታ ብቻ አይደለም፤ የያዛት እጅ ድርቅ ማለቱ ነው። ቀጥሎ ዓይንሽን አሠልጥኚ። ባዶው እጅ ሳንቲሟን የወሰደ መስሎ ሲሄድ አንቺም ያንን እጅ ተከተዪ። የደበቅሽበትን እጅ አንዴ ሰረቅ አድርገሽ ካየሽው ሰው ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። ይህን ለጓደኛሽ አሳዪና “የት ጠረጠርሽ?” በያት። “እንዴት ነበር?” ካልሻት “አሪፍ ነው” ብላ ትሸኝሻለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሺን ሊምን ትርኢት እንዳለ ገልብጠሽ መድረክ ላይ አታውጪው። ቴለር የሚባለው ታዋቂ ማጂሺያን የራሱን የጽጌረዳና የጥላ ትርኢት የገለበጠበትን ሰው ፍርድ ቤት ገትሮ በ2014 ረትቷል። ዶርም ውስጥ መኮረጅ መማሪያ ነው፤ ገንዘብ ሲከፈልሽ ግን የራስሽ ይሁን።

ስለ እናትሽ። እማማ የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እጅ እያየሁ እጣ ፈንታ እነግራለሁ የሚል አጭበርባሪ ሞልቷል፣ ካርታ እያገላበጠ የሰው ብር የሚበላም እንዲሁ። ግን ይህ ፍርሃት የኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ1584 ሬጂናልድ ስኮት የሚባል እንግሊዛዊ ትሪኮቹ እንዴት እንደሚሠሩ የጻፈው ጥንቆላ የሚባለው ነገር ከንቱ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ሁዲኒም በመጨረሻ ዓመታቱ ሙታን እንጠራለን የሚሉ አጭበርባሪዎችን እየተከታተለ ያጋልጥ ነበር። ስለዚህ አትከራከሪያቸው። በዓል ስትሄጂ የሳንቲሟን አስተምሪያቸው። ለሌላ ሰው የማትገልጪውን ለእናትሽ ግለጪ፤ ጎረቤት ሲመጣ እሳቸው ራሳቸው ሲሞክሩት ታያለሽ።

እንጀራውን በግልጽ ልንገርሽ። ልደት አለ፣ የትምህርት ቤት ዝግጅት አለ፣ የድርጅት ምርቃት አለ፣ የበዓል የቴሌቪዥን ፕሮግራም አለ። ሁሉም ወቅት አላቸው። አንድ ወር ያጨናንቅሽና ሁለት ወር ስልክሽ አይጮህም። ስትሠሪም ግማሹን ቅድሚያ ተቀበዪ፤ “ከፕሮግራሙ በኋላ እንሰጥሻለን” የሚባል ብር ብዙ ያስኬዳል። ከዚህ የተሻለው የሃሪ ኮሊንስ መንገድ ነው። አንድ ድርጅት ምርቱን በትርኢት እንድታስተዋውቂለት በወር እንዲቀጥርሽ ጠይቂ። ገበያው ገና ስላልተያዘ ቀድሞ የጠየቀ ይጠቀማል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ለምን አታቋርጪ እንዳልኩሽ። ታዋቂው ማጂሺያን ዴቪድ ኮፐርፊልድ በ1982 ፕሮጀክት ማጂክ የሚባል ነገር ጀመረ፤ እጃቸው የተጎዳ ሕሙማን ጣታቸውንና ቅንጅታቸውን በማጂክ እንዲያሠሩ ነው። ለንደን ውስጥም ብሪዝ ማጂክ በሚባል ፕሮግራም አንድ ጎናቸው የደከመ ልጆች ሁለት እጅ የሚፈልጉ ትሪኮችን እየተማሩ ተለማምደዋል። ልጅ “አሥር ጊዜ ጨብጠህ ዘርጋ” ሲሉት ይሰለቻል፤ ሳንቲም አጥፍቶ እናቱን ለማስደነቅ ከሆነ ግን ሳትነግሪው ይደግመዋል። ይህን የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ማወቅ አለበት፤ የትኛው ጡንቻ እንደሚሠራም፣ ሳንቲሟ የት እንደገባችም። አንቺ አንዱን ሦስት ዓመት ተምረሻል፣ ሌላውን ጀምረሻል። ክሊኒክ ልምምድ ስትወጪ የሕፃናት ክፍል እንዲመድቡሽ ጠይቂ። የመመረቂያ ጥናት ርዕስሽን ገና ካልመረጥሽ ደግሞ ይህንን ሐሳብ ለአማካሪሽ ይዘሽ ግቢ፤ ሳንቲሟንም ይዘሽ።