ለወርቅ ቤት ባለ ሁለት አሃዝ ሚዛን ወይስ ባለ ሦስት?

«ድሬ ላይ ትንሽ ወርቅ ቤት ልከፍት ነው፤ 0.01 ግራም የሚያሳይ ሚዛን ይበቃኛል ወይስ 0.001 ልግዛ?» ላልከው ወንድሜ። እኔ ሐረር ጀጎል ውስጥ ብርና ወርቅ እሠራለሁ። እስካሁን ሦስት ሚዛን ቀይሬያለሁ።

የመጀመሪያዋ ኪስ የምትገባ፣ እስከ 200 ግራም የምትይዝ ነበረች። አንድ ቀን ከሞረድ የወጣ የወርቅ ብናኝ በቁንጥር በቁንጥር እጨምርባታለሁ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ሳህኑን አንስቼ መልሼ ሳስቀምጠው 0.06 ዘለለ! ለካ ብዙዎቹ ርካሽ ሚዛኖች ቁጥራቸው እንዳይቅበዘበዝ ተብሎ ጥቃቅኗን ለውጥ ይውጧታል። ከዚያ ወዲህ ብናኝ ስመዝን ሳህኑን ሳላነሳና ሳልመልስ አላምንም።

ስለዚህ የአሃዙ ብዛት አይሸውድህ። 0.001 ማሳየትና እስከ 0.001 ልክ መሆን ለየቅል ናቸው። ድሬ ደግሞ ያለ ፋን አይዋልም። ባለ ሦስት አሃዟ የመስታወት ሽፋን ከሌላት ቁጥሯ ሲጨፍር ይውላል። ለቀለበትና ለሐብል ደህና 0.01 ይበቃሃል።

በተረፈህ ብር የሚዛን ድንጋይ ግዛ። ኤም 1 የሚባለው ደረጃ 100 ግራሙ ላይ የሚፈቀድለት ስህተት 5 ሚሊግራም ነው፤ ለአንተ በቂ ነው። አንድ ጎረቤቴ ዛሬም ሚዛኑን የሚፈትሸው በማርትሬዛ ብር ነው። እርግጥ ድሮ ወቄት የሚለካው በእሷ ነበር፣ 28 ግራም ከምናምን። ግን ስንት እጅ ያሻሻት ብር ናት! እንዴት ትታመናለች?

ካሊብሬት የምታደርገው፣ ማለትም ሚዛኑን በድንጋዩ የምታስተካክለው፣ እዚያው በምትሠራበት ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ዲጂታል ሚዛን የሚያነበው ዕቃው የሚጫነውን ጫና ነው፤ የመሬት ስበት ደግሞ ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ ድሬ የተስተካከለ ሚዛን እኛ ጋ ሲመጣ ከ100 ግራም ላይ ከ0.01 እስከ 0.02 ያጎድላል። ሩቅ አገር ፋብሪካ ተስተካክሎ የመጣውማ የባሰ ነው።

ሚዛን ልትገዛ እዚያው ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ስትወርድ ድንጋይህን ይዘህ ሂድ። ሚዛኑ ትንሽ በርቶ ይቆይ። ከዚያ ድንጋዩን መጀመሪያ መሃል፣ ቀጥሎ አራቱም ጠርዝ ላይ አስቀምጠው። ቁጥሩ ከተለያየ መልስለት። ሻጩ ቢነጫነጭም ይነጫነጭ።